ስትወጪ አጠገብሽ ማን ተቀመጠ?

እትዬ የሺን ለምታውቋቸው ሁሉ፤

ወይዘሮ የሺእመቤት ባለፈው ሰኔ፣ ሐሙስ ጧት፣ እዚሁ ኦስሎ ሊንደበርግ ባለው ቤታቸው፣ በአልጋቸው ላይ እንዳሉ አርፈዋል። «ትንሽ አሟቸው» አላልኩም፤ «ደክሟቸው ነው» አላልኩም። አርፈዋል ነው ያልኩት። እንዲህ በአንድ ትንፋሽ ካልተናገርኩት እሳቸው ካሉበት ሆነው የሚቆጡኝ ይመስለኛል፤ መርዶን ዙሪያ ጥምጥም የሚናገር ሰው አይወዱም ነበርና። ብዙዎቻችሁ ቀብራቸው ላይ ነበራችሁ። በሌላ ከተማና በሌላ አገር ሆናችሁ ዘግይታችሁ ለሰማችሁት፣ ደግሞም ዐርባቸው ላይ «ያን የስዊድኑን ነገር እስኪ ጻፊው» ብላችሁ ለያዛችሁኝ ነው ይህን የምጽፈው።

እኔና እትዬ የሺ የተዋወቅነው በሥራ ነው። እኛ «ሲክየም» በምንለው የአረጋውያን መንከባከቢያ እኔ አዲስ ገቢ ነበርኩ፣ አልጋ እንኳ በወጉ ማንጠፍ አልችልም፤ እሳቸው የቆዩ ናቸው። ቁመታቸው አጭር፣ እርምጃቸው ፈጣን፣ ነጠላቸውን ከሥራ ልብሳቸው ጋር በአንድ ቁም ሣጥን የሚያኖሩ ሴት ነበሩ። ኖርዌጅኛቸው እስከ መጨረሻው እንደተሰባበረ ቀረ፤ ግን ያልተግባቡት ሰው አላየሁም።

በገባሁ በሳምንቱ አንድ ሽማግሌ ለሞት ተቃረቡ። ከአንድ የወንድም ልጅ በቀር ዘመድ የላቸውም፣ እሱም ያለው ሩቅ ሰሜን ነው። እትዬ የሺ ሥራቸውን ጨርሰው፣ ካፖርታቸውን ለብሰው ሲያበቁ ወንበር ሳቡና ከሽማግሌው አጠገብ ተቀመጡ። የፈረቃው ኃላፊ መጥታ «የሺ፣ ቫክትሽ፣ ፈረቃሽ፣ አልቋል እኮ» አለቻቸው። «ያ፣ አዎ፣ የእኔ አልቋል። የእሳቸው ግን አላለቀም» ብለው የሽማግሌውን እጅ እንደያዙ ቀሩ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሳያቸው ቀና ብለው «ሰው ብቻውን አይወጣም» አሉኝ። ያኔ አዲስ ሠራተኛ ስለሆንኩ የሙያ ምክር የሚሰጡኝ መስሎኝ ነበር።

በእኛ በሐበሾቹ ዘንድ ግን እትዬ የሺ የታወቁት በሌላ ነገር ነው። መርዶ ነጋሪ ነበሩ። ማንም አልሾማቸውም። ከአገር ቤት የሞት ወሬ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደወለው ለእሳቸው ነው። እኛ ስደተኞች የምንሠራውን ስሕተት መቼም ታውቁታላችሁ። እናቱ የሞተችበትን ሰው «ፈተና ደርሶበታል»፣ «የመኖሪያ ፈቃዱ ገና ነው»፣ «ብቻውን ነው ያለ፣ አንድ ነገር ይሆናል» እያልን እንደብቅበታለን። እሱ ምስኪን ለሞተች እናቱ ሹራብ ይገዛል። እኛ ደግሞ አብረነው ቀለም እንመርጣለን።

በእትዬ የሺም የደረሰው ይኸው ነው። ገና እንደመጡ፣ ሰሜን ኖርዌይ በስደተኞች መቀበያ ሳሉ እናታቸው ደብረ ብርሃን ላይ አረፉ። ወንድማቸው አዝኖላቸው ደበቀባቸው። በስልክ «እማማስ?» ሲሉት «ሰላም ብላሻለች፤ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነው» ይላቸዋል። በደወሉ ቁጥር እናታቸው ቤተ ክርስቲያን ናቸው። እትዬ የሺም «እናቴ ለእኔ ስትል ጸሎት አበዛች» እያሉ ይደሰቱ ነበር። ቆይተው ኦስሎ ከገቡ በኋላ በአንድ ሰርግ ላይ አንዲት ያገራቸው ሴት የምግብ ሳህኗን እንደያዘች «የእናትሽን ነፍስ ይማር፤ እኔስ ቀብራቸው ላይ ነበርኩ» አለቻቸው። እንደሚያውቁ መስሏት ነው፣ ምን ታድርግ። «እናቴ ስትሞት አላለቀስኩላትም፤ ስሰማ ደግሞ ሰው እየጨፈረ ነበር» ይሉኝ ነበር። ያን ዕለት የለበሱትን ባለ ቀይ ጥለት ቀሚስ ዳግመኛ አልለበሱትም።

ስለዚህ የራሳቸውን ሥርዓት አበጁ። ሦስት ሰው ሆኖ መሄድ ነው፣ በማለዳ፣ ባለሐዘኑ ጫማውን ሳያጠልቅ። አስቀድመው ለአለቃው ደውለው ፈቃድ ይጠይቁለታል። ከገቡ በኋላ ምድጃ ተጥዶበት ከሆነ ያጠፋሉ፣ ያስቀምጡታል፣ ስሙን ይጠሩታል፣ ይነግሩታል። «አሟቸው ነበር» የለ፣ «በርታና ጸልይ» የለ። «ሰው ከሞተ ይሙት፤ በውሸት አታኑሩት» ነበር የሚሉን። ከነገሩት በኋላ ምንም አይናገሩም፣ አጠገቡ ይቀመጣሉ፤ እስኪመሽም ቢሆን ይቀመጣሉ። እኔ ብዙ ጊዜ ሦስተኛዋ ሰው ሆኜ ተከትያቸዋለሁ። ሥራዬ በር መክፈትና ውኃ ማቅረብ ነበር፤ የመናገሩን ነገር ለእሳቸው ትቼ ኖርኩ።

አሁን ወደ ሶስና ልምጣ። ሶስና የክርስትና ልጃቸው ናት፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች። እናቷ አልማዝ የቢሮ ጽዳት ስለምትሠራ ልጅቷ ከትምህርት ቤት መልስ የምትውለው እትዬ የሺ ጋ ነበር፤ ያኔ ሮምሶስ በሚባለው የኦስሎ ሰፈር ከፎቆቹ በአንዱ ነው የሚኖሩት። ከፎቁ ሥር ባለው ሣር ላይ የታሚልና የፓኪስታን ልጆች ክሪኬት ይጫወታሉ። ለማታውቁት ላስረዳ። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በጠፍጣፋ እንጨት ይመታል። ከመቺው ኋላ የተተከሉት ሦስት ቀጫጭን እንጨቶች ከተመቱ፣ ወይም የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች «ወጣ» ይባላል። ለዚያ ቀን አበቃለት፣ ሄዶ ይቀመጣል። ከዚህ ያለፈውን ሕግ እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እትዬ የሺም ከእኔ አይሻሉም ነበር።

ሶስና ትንሽ ልጅ ሳለች መስኮት ላይ ተለጥፋ ስታያቸው ትውላለች። አንድ ቀን እትዬ የሺ «ዐይንሽ ከሚወጣ እግርሽ ይውጣ» አሉና እጇን ይዘው አወረዷት። ልጆቹን የሚያሠለጥነው ራጃን የሚባል የታሚል ሰው ነው፣ በሥራው አውቶቡስ ነጂ።

«ይቺን ልጄን አጫውታት» አሉት።

«እዚህ ሴት ልጅ የለችም» አላቸው።

«ይኸው አመጣሁልህ» አሉት።

ራጃን ስለዚያ ቀን ሲያወራ የሚያነሣው የእጇን ጉልበት አይደለም። ሌሎቹ ልጆች የመጣውን ኳስ ሁሉ ሊመቱ ሲዘሉ እሷ ዝም ብላ የምታሳልፋቸው ነበሩ። «ይህን ማን አስተማረሽ?» ቢላት «እማ የሺ ‘የማይመለከትሽን አሳልፊው’ ትለኛለች» አለችው። እሳቸው ይህን የሚሉት ስለ ሰው ወሬ ነበር።

አልማዝ ነገሩን አልወደደችውም። ጨዋታው እሑድ ነው፣ እሑድ ደግሞ ቅዳሴ አለ። እትዬ የሺ «ከቅዳሴ በኋላ እግዚአብሔር ወዴት የሚሄድ መሰለሽ? ሜዳም ይመጣል» ብለው አግባቧት። ከዚያ ወዲህ የሶስና ረጅም የክሪኬት ቦርሳ በምንከራየው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ ከጫማዎቻችን መካከል ቆሞ ያስቀድስ ጀመር። የተሰናከለበት ዲያቆን አንድ ሁለት አይደለም። በፍልሰታ ጾም ደግሞ እትዬ የሺ በሶ በጥብጠው በጠርሙስ ይዘው ሜዳው ዳር ይቆማሉ፤ የጾሙ ሰዓት ሲያበቃ ያጠጧታል። እያደር ግማሹ ቡድን በሶ ጠጪ ሆነ።

የመጀመሪያውን የእውነት ግጥሚያዋን ለማየት እኔም ኤኬበርግ ሜዳ አብሬያቸው ሄጄ ነበር። ከተጋጣሚው ቡድን አንዲት ልጅ ገና በመጀመሪያዋ ኳስ ወጣች። አንገቷን ደፍታ ያን ሁሉ ሣር ብቻዋን አቋርጣ ከሰው ራቅ ብላ ተቀመጠች። ማንም አጠገቧ ዝር አላለም።

«ምን ሆና ነው?» አሉ እትዬ የሺ።

«ወጣች» አላቸው ራጃን።

«ታዲያ ሰው የላትም?»

ራጃን የጨዋታው ልማድ መሆኑን አስረዳቸው፤ የወጣ ሰው ንዴቱ እስኪበርድለት ለብቻው ይተዋል። እሳቸው «ናይ፣ ናይ፣ አይሆንም! እንዲህ ያለ ልማድ አላየሁም» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው በሜዳው ዙሪያ ዞረው ሄዱ። ከማያውቋት ልጅ አጠገብ ዘርፈጥ ብለው ተቀመጡ። ምንም አልተናገሩም፣ በሶውን ግን ሰጧት። ልጅቷ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቆይታ ጠጣች፣ ኋላ ትከሻቸው ላይ ተደገፈች። ኢንግሪድ ነበር ስሟ። ራጃን ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ይስቃል።

ሲመለሱ «እትዬ፣ ጨዋታ እኮ ነው፤ ማንም አልሞተም» አልኳቸው።

«እኔ ማን እንደሞተባት በምን አውቄ፤ ያየሁት ፊቷን ነው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ይህ የሁልጊዜ ሥራቸው ሆነ። ወዳጅም ጠላትም ቡድን ብሎ ነገር አያውቁም፤ የወጣች ልጅ አጠገብ ሄደው ይቀመጣሉ። ልጃገረዶቹም ከእሳቸው ተማሩ። እሳቸው ሥራ ላይ ሆነው መምጣት ያልቻሉ እንደሆነ «ዛሬ የሺ ማን ናት?» ይባባላሉ፤ አንዷ «እኔ ነኝ» ብላ ትነሣለች። ሶስና ከጨዋታ ወጥታ ስትደውልላቸው «አሸነፍሽ?» ብለው አይጠይቋትም፣ ስንት ነጥብ እንዳገባችም አይጠይቋትም። ሁልጊዜ የሚጠይቁት «ስትወጪ አጠገብሽ ማን ተቀመጠ?» ነው።

ልጅቷ አደገች፣ ጨዋታዋም አደገ። መጀመሪያ ለወጣቶች ቡድን ተመረጠች፣ ቀጥሎ ዩኒቨርሲቲ እንደገባች ለኖርዌይ ዋናው የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ተጠራች። የሐበሻ ልጅ በዚህ ጨዋታ እዚያ ስትደርስ አይተን አናውቅም ነበር። ስለ ክሪኬት ምንም የማያውቁ እናቶች እንኳ በየባቡሩ «ልጃችን እኮ ለመንግሥት ልትጫወት ነው» ይሉ ጀመር። የመጀመሪያ ግጥሚያዋ ስዊድን፣ ጎተንበርግ ላይ ነበር። ቀኑ የተነገራት ግን እትዬ የሺ ከሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው በተኙበት ሰሞን ነው። ጉበታቸው ላይ የነበረው ነገር ተስፋፍቷል። ሐኪሞቹ የዚህን አገር በጋ እንደሚያልፉት ተስፋ ሰጥተውን ነበር።

ሶስና ቀዩን ማሊያ ይዛላቸው መጣች። እትዬ የሺ አፍንጫቸው ላይ አድርገው አሸተቱትና «ይኼ የሱቅ ሽታ ነው። ላቡን ነው የምታመጪልኝ» አሏት።

«እማ የሺ፣ አልሄድም» አለች።

«ለምን?»

«አንቺ ታመሽ እንዴት ነው የምሄደው? ክሪኬት ነው እኮ፤ ክሪኬት ብቻ ነው፣ ኢከ ሳንት? አይደለም እንዴ?»

«አንቺ» ስትላቸው እንዳትደነግጡ። እዚህ ተወልዳ «እርስዎ» ማለት አልለመደባትም። አልማዝ ስትቆጣት እትዬ የሺ «ተያት፤ እኔን አንቺ የሚለኝ ሌላ ማን ቀረኝ?» ይሏት ነበር።

«ሄደሽ ተጫወቺ። እኔ እዚሁ ነኝ። የሆንኩት ነገር ካለም ይነገርሻል።»

«ወዲያው?»

«እንደ ማንም ሰው፣ በማለዳው።»

«አትደብቁኝም? ማዪልኝ።»

«እናቴን!» አሉ እትዬ የሺ። በእናታቸው ሲምሉ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ልጅቷ ስማቸው ከወጣች በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሰምተሻል» አሉኝ።

«እርስዎ እያሉ እኔ ምን አገባኝ» አልኳቸው።

«እኔ እያለሁማ ምን ይነገራል!» ብለው ሳቁብኝ።

ቡድኑ ማክሰኞ ሄደ፣ ግጥሚያው ቅዳሜ ነው። እትዬ የሺ ሐሙስ ጧት አረፉ። ያን ሽማግሌ እንደያዙት አድርጌ እጃቸውን ይዤ ነበር። ብዙም አልተጨነቁም። አልማዝንና የዕድራችንን ሰብሳቢ ጋሽ በላይን ጠራኋቸው፤ ዋይ ዋይ አልን፣ ተላቀስን። ፊታችንን ታጥበን ስንቀመጥ ሁላችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነበር።

«ልጅቷ ቅዳሜ ማታ ትመለሳለች» አሉ ጋሽ በላይ። «ቀብሩ እንደሆነ እዚህ አገር ቀን ይወስዳል፣ አያመልጣትም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናርዳት።»

«እትዬ የሺ ቃል ገብተውላታል» አልኩ።

አልማዝ እጄን ያዘችኝ። «ወርቄ፣ ስለ እመቤቴ! ልጄ ለዚህች ቀን ስትለፋ ነው የኖረችው። እኔ የሰው ቢሮ ወለል ሳሽ የማስበው ይህችን ቀን ነበር። ብትሰማ እንዴት አድርጋ ትቆማለች? አንድ ቅዳሜ ነው የለመንኩሽ። አንድ ቅዳሜ ስጪያት።»

እውነቷን ነው። የእናት አንጀት ነው። ነግሬያት ሜዳው መሃል ብትወድቅ በእኔ ነው። ባልነግራት ደግሞ እትዬ የሺ በእናታቸው ምለው ዋሹ ማለት ነው፤ ያውም ሞታቸው በተደበቀባቸው እናት። «እናታቸውን ምለውላታል» አልኩ እንደገና።

በዚህ መሃል መስኮቱ ላይ የተቀመጠው የእትዬ የሺ ስልክ ጮኸ። የሶስና ፎቶ ወጣበት፣ ያ የክሪኬት ራስ መከላከያ ቆብ አጥልቃ የምትስቅበት። ሦስታችንም እያየነው ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ወዲያው የአልማዝ ስልክ ጠራ።

«እማዬ፣ እማ የሺ ስልክ አታነሣም።»

አልማዝ ዐይኗን ጨፈነች። «ተኝተዋል፣ ልጄ። ትንሽ ደክሟቸው ነው።»

«ኦኬ። ስትነሣ ንገሪያት፤ ቅዳሜ መጀመሪያ የምመታው እኔ ነኝ። ትሬነሯ አሁን ነው የነገረችኝ! እንዳትረሺ፣ እሺ? ንገሪያት።»

«እሺ፣ እነግራቸዋለሁ።»

ስልኩን ከዘጋች በኋላ አልማዝ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። «ወርቄ» አለችኝ፣ «ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነው ልላት ነበር እኮ። አፌ ላይ ነው የመጣው።»

ጋሽ በላይ ተነሥተው ባርኔጣቸውን አጠለቁ። «የማን መኪና ነው ነዳጅ ያለው?» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ተነሣን። ወትሮ ርካሽ ሥጋ ልንገዛ እየተሳሳቅን የምንሻገረውን ድንበር ሳንነጋገር ተሻገርን። በመንገድ ላይ ለቡድኑ አሠልጣኝ ደወልኩላት፣ እትዬ የሺ ለአለቃ እንደሚደውሉት። «ከግጥሚያው በኋላ ቢሆን አይቻልም?» አለችኝ፣ በቅን ልቦና ነው። «የሞቱት ሴት ሥርዓት አላቸው» ልላት ብዬ አልሆነልኝም፤ «ቃል ተገብቶላታል» ብቻ አልኳት። «ያ፣ አዎ፣ ገባኝ። ክፍል አዘጋጃለሁ» አለች።

ዓርብ በማለዳ ሆቴሉ ምድር ቤት ባለች ትንሽ ክፍል ቆመን ጠበቅናት። በካልሲ ብቻ፣ ፀጉሯ ሳይያዝ መጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ እናቷን አየች፣ ጋሽ በላይን አየች፣ እኔን አየች።

«ሦስት ናችሁ» አለች።

በእትዬ የሺ ቤት ያደገች ልጅ ናት፣ በማለዳ የሚመጣ ሦስት ሰው ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ቢሆንም መነገር አለበት። ያን ሁሉ ዓመት በር ስከፍት ኖሬ መናገሩ የደረሰኝ ያን ጧት ነው። አስቀመጥኳትና «ሶስና፣ እትዬ የሺ ትናንት ጧት አርፈዋል። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ» አልኳት።

ወደ እናቷ ዞረች። «ትናንት ተኝታለች ስትዪኝ?»

«ዋሸሁሽ፣ ልጄ። ይቅር በይኝ።»

ያኔ ጮኸች። ለቅሶ ማንም አላስተማራትም፤ ግን ደረቷን ይዛ «እማ የሺ! እማ የሺ!» ስትል ካገር ቤት እንደመጣች ሴት ነበር። እኔ ዝም ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ረፋዱ ላይ ነው ቀና ያለችው።

«ቀብሩ መቼ ነው?»

«በሚመጣው ሳምንት።»

«እንግዲያው እጫወታለሁ» አለች። «ላቡን አምጪልኝ ብላኛለች።»

ቅዳሜ ሆነ። ድንቅ ነገር ሠራች፣ ሜዳውን አናወጠችው ብዬ ብጽፍላችሁ ደስ ባለኝ፤ እትዬ የሺ ግን ውሸት አይወዱም። የመጀመሪያዎቹን ኳሶች፣ የማይመለከቷትን፣ ዝም ብላ አሳለፈቻቸው። ቀጥሎ አንዷን መታ አድርጋ እስከ ዳር ሰደደቻት፤ አልማዝ እልል አለችና ራሷ ደንግጣ አፏን ያዘች። ትንሽ ቆየና ከኋላዋ ያሉት እንጨቶች ሲወድቁ ሰማን። ሶስና ወጣች። ያ ስንት ዓመት የተለፋለት ቀን በቃ ይህን ያህል ነበር።

ብቻዋን ሣሩን እያቋረጠች መጣች። አንገቷን አልደፋችም። እኔ ሌሊቱን የበጠበጥኩትን በሶ ይዤ ተነሣሁ። የእትዬ የሺ ሥራ ዛሬ የእኔ ነው ብዬ ነው። ገና መንገድ ሳልጀምር ከቡድኑ አግዳሚ ወንበር አንዲት ረጅም ልጅ ብድግ ብላ ቀደመችኝ። ያቺ ኤኬበርግ ላይ በመጀመሪያ ኳስ የወጣችው ኢንግሪድ ናት፤ አሁን አብረው ነው ለኖርዌይ የሚጫወቱት። «ዛሬ የሺ እኔ ነኝ» አለች በኖርዌጅኛ፤ ሄዳ ከሶስና በስተቀኝ ተቀመጠች። ሁለተኛዋ «እኔም» ብላ በግራ ተቀመጠች። ከዚያ ሦስተኛዋ፣ አራተኛዋ። ሜዳ ላይ ከቀሩት ሁለቱ መቺዎች በስተቀር ቡድኑ በሙሉ ተነሥቶ እሷን ከቦ መሬት ላይ ተቀመጠ። አንዲትም ልጅ አልተናገረችም። እኔ የበሶውን ጠርሙስ እንዳቀፍኩ መቀመጫ አጥቼ ቆሜ አለቀስኩ።

እትዬ የሺ፣ የእኔ እናት፤

የታዘዝኩትን አድርሻለሁ። ቃልዎ አልታጠፈም፤ በማለዳ፣ ሦስት ሆነን፣ በስሟ ጠርተን ነገርናት። አልማዝን አደራ እንዳይቀየሟት፤ የፈራችው ለልጇ ነው፣ ወንድምዎም የፈራው ለእርስዎ ነበር። ማሊያው ሳይታጠብ መጥቶልዎታል፤ ዐርባዎ ዕለት ሶስና ከፎቶዎ ሥር አጣጥፋ አኖረችው። መታጠብ አለበት ብዬ ነበር፣ ማን ሰምቶኝ። ባለፈው ሰሞን ደግሞ ሞርተንሩድ ላለ አንድ ልጅ ያባቱ መርዶ መጣ። ጋሽ በላይና እኔ በማለዳ ልንሄድ ስንል ሶስና በሩ ላይ ቆማ አገኘናት። «ሦስት ሰው አይደለም እንዴ የሚያስፈልገው?» አለችኝ። በር መክፈቱንና ውኃውን አሁን እሷ ይዛዋለች።

ግጥሚያውን አሸነፉ ወይ ብለው እንደማይጠይቁኝ አውቃለሁ። የሚጠይቁትንም አውቃለሁ። ስትወጣ አጠገቧ ሰው ሞልቶ እኔ መቀመጫ አጣሁ፣ እትዬ።

እርስዎም ሲወጡ ብቻዎን አልነበሩም። ደህና ይግቡ። አሁን እናትዎን ሲጠይቁ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል የሚልዎ የለም፤ በር ላይ ቆመው እየጠበቁዎት ነው።